ቃሉን አያጥፍም

ልጇ «ሦስት ቀን ተጠመቂና መጥቼ እወስድሻለሁ፣ እማዬ» ብሎ ጸበል ቦታው ካደረሳት ዛሬ ዘጠኝ ቀን ሆነ። ዓይኗ አያይም፤ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ግን ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ ትላለች።

«ሥራ ይዞት ይሆናል እንጂ እሱስ ቃሉን አያጥፍም» ትላለች፣ አጠገቧ ለምትተኛው ሴት።

ዝናቡ ሲያባራ ብርድ ብርድ አላት። ሴትየዋ የሚደረብ ነገር ፍለጋ ልጇ የሸከፈላትን ሻንጣ ከፈተችላት።

«ውይ የተባረከ! ከታች አዲስ ጋቢ ከቶልዎታል፣ እማማ። ገና ውሃ እንኳን አልነካውም!»

አሮጊቷ እጇን ዘርግታ ጋቢውን ዳበሰች። ጠርዙ ላይ ራሷ የቋጠረችውን ክር ጣቷ አገኘው። «ስሞት በዚህ ታስገንዘኛለህ» ብላ፣ ሳጥኗ ውስጥ ያለበትን ለልጇ ብቻ ያሳየችው ጋቢ ነው።

«ላልብስዎት?» አለቻት ሴትየዋ።