የሠራተኞች ግሩፕ

ይታይሽ የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ ናት። ስማርት ስልክ በገዛች ማግስት ኃላፊዋ ሰናይት የሠራተኞቹ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አስገባቻት።

«በይ እንግዲህ፣ እንኳን ደህና መጣሽ! የቀድሞውን ለማየት በጣትሽ ወደ ታች ሳቢው።»

እየሳቀች ሳበችው። የአንዷ ሰርግ፣ የሌላው ምርቃት፣ ቀጥሎ ራሱ በፋሻ የተጠቀለለ ወጣት። «መኪና ገጭቶት የመጣ ነው። ቤተሰቡን የምታውቁ ተባበሩን» ይላል ከሥሩ።

ይታይሽ መሳቋን አቆመች። ባለፈው ክረምት ተቆጥታው ከቤት የወጣ ልጇን፣ ለሰው ሳትተነፍስ፣ ሩቅ ሩቁን ስትፈልገው ከርማለች።

«ሰናይት፣ ይሄ ልጅ... የት ደረሰ?»

ሰናይት አንገቷን አስግጋ አየችው።

«ውይ፣ እሱ! ከማጠቢያው በላይ ያለው ክፍል ውስጥ ሰንብቶ አረፈ እኮ። ጠያቂ ስላልነበረው ማዘጋጃ ቤት ቀበረው። ምነው፣ ታውቂዋለሽ እንዴ?»