የተገለበጠ ቋጠሮ

መምህሩ ልባሽ ክራባት ካየ ማለፍ አይሆንለትም። ሚስቱ "ለመሆኑ አንገትህ ስንት ነው?" ትለዋለች። "የማን ነበር?" ሳይል ደግሞ አይገዛም። ዛሬ ስላሰረው ቀይ ክራባት ግን ማንም እንዲጠይቀው አይፈልግም። አባቱ "በሱ ቅበሩኝ" ብለው ነበር፤ እሱ ሳሳና ለራሱ አስቀረው። ለሬሳው የደበዘዘ ግራጫ አሰረለት። ከራሱ ሌላ ሰው ላይ አስሮ ስለማያውቅ፣ ቋጠሮው ግራና ቀኙ ተገለበጠበት።

ልባሽ ተራ ሲደርስ፣ ደንበኛው የሆነው ሻጭ አንድ ግራጫ ክራባት አወጣለት። ቋጠሮው አልተፈታም፤ ግራና ቀኙ ተገልብጧል።

"የማን ነበር?" አለ መምህሩ።

"ጠዋት አንድ ሽማግሌ ናቸው ያመጡት። ሽጡልኝ ብላቸው እምቢ አሉ።" ሻጩ የመምህሩን አንገት አየት አደረገ። "ቀይ ያሰረ ሰው ሲመጣ በሱ ለውጥልኝ፣ ልጄ ነው አሉኝ።"