ካፉሩ የት ሄደ

እህቴ፣ ካፉር ታውቂያለሽ አይደል? ሬሳ ሲታጠብ የመጨረሻው ውሃ ላይ የሚጨመረውን፣ ነጭና ሽታው አፍንጫ የሚያቀዘቅዘውን ማለቴ ነው። እዚህ በስደት፣ ሳጃና ሰፈር የሞተችው ዘሊካ ካፉሯን በወረቀት ጠቅልላ፣ ከከፈኗ ጋር ሳጥን ውስጥ ለዓመታት ቆልፋበት ነበር። አጣቢዋ ሐጃ "ካፉሩን አምጡ" ሲሉ ጎረቤቷ ሀኒፋ ወረቀቱን ፈታችው። ባዶ ነበር።

ሀኒፋ ዘሊካን ስታስታምም ወደከረመችው ልጅ ዞረች። "አብራር፣ ቁልፉ አንቺ ጋ ነው የነበረው። የሟች አደራ ይነካል? ዓይብ፣ ነውር አይደለም? በዚህ ጦርነት ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ አሁን ከየት እናምጣ?"

"ወላሂ አልነካሁም፣ እማ!" ልጅቷ አለቀሰች።

ሐጃ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። ደረቅ ነው፣ እድፍ እንኳ የለውም። ከዚያ ከፈኑን አንስተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። "ኸላስ፣ በቃ ልጅቷን ተያት! ካፉር እንደ በረዶ ቀልጦ ውሃ አይሆንም። ጠብታ ሳይተው፣ እንደ ደረቀ ብን ብሎ ሽታ ብቻ ይሆናል። እንኪ አሽቺው፣ እነዚህን ሁሉ ዓመታት ጨርቁን ሲያጥነው ኖሯል። አላህ ይበቃል ካለ ይበቃታል።"

ሀኒፋ አሸተተች። ፊቷን ጨርቁ ውስጥ ቀበረች። ከዚያ ውሃ የምታፈስበትን ማንቆርቆሪያ ለአብራር ዘረጋችላት። "ነይ ልጄ፣ የመጨረሻውን አንቺ አፍስሺላት። በሕይወቷም ያጠብሻት አንቺ ነሽ።"

አብራር ተቀብላ አፈሰሰች።

አንቺም እህቴ፣ ለዘሊካ አንድ ዱዓ አድርጊላት። እዚህ አገር ዘመድ አልነበራትም።