በአባባ ጆሮ

ያምሮት የግቢውን በር ልትገፋ እጇን ስትዘረጋ ከቤት ውስጥ የወንድሟን ሚስት ጩኸት ሰማች።

«ይህ ሽማግሌ ከዚህ ቤት ካልወጣ እኔ እወጣለሁ!»

የወንድሟ ጎረቤት ንብረት በስልክ የነገረቻት እውነት ነው ማለት ነው። «የወንድምሽ የባምላኩ ሚስት ሶስናን ሆናለች። አባትሽ ላይ ስትጮህ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፤ መጥተሽ ብትወስጃቸው ይሻላል» ነበር ያለቻት። ሶስና ማለት ያቺ የቴሌቪዥን ድራማዋ ምራት ናት፣ አማቷን ከቤት ለማስወጣት እንቅልፍ ያጣችው። ያምሮት ቤት ቴሌቪዥን ባይኖርም ሶስናን ሳይሰሙ መኖር አይቻልም። በምትኖርበት ፈረስ ቤት ገበያ ላይ ክፉ ምራት ሁሉ ሶስና ትባላለች። ዛሬ ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ያመጣት ባጃጅ እንኳ ከኋላው «ከሶስና ይሰውረን» የሚል ተለጥፎበት ነበር፤ ያን አንብባ እንደተናደደች ነው የመጣችው።

የአባቷን ልብስ ልትከትበት የያዘችውን ባዶ ሻንጣ ጨብጣ በሩን በርግዳ ገባች።

አባቷ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠዋል። የወንድሟ ሚስት አይናለም አጠገባቸው ተንበርክካ አፏን ከጆሯቸው ገጥማለች።

«አንች!» አለች ያምሮት። «አባቴ ላይ ነው እንዲህ የምትጮሂው?»

«እረግ! እታለም! መቼ መጣሽ?» አይናለም ደንግጣ ተነሳች። ድምጿ ሻክሮ ለቅሶ ቤት የሰነበተች ትመስላለች።

አባቷ ልጃቸውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ጉንጭና ጉንጯን ሳሟት፤ ስመው ሳይጨርሱ ግን ዓይናቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ሸሸ። «ቆይ የኔ ልጅ፣ እስቲ አረፍ በይ። አይናለም፣ ባልየው ምን አላት? አፉ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።»

አይናለም ያምሮትን በፍርሃት አየቻት፣ ከዚያ ተመልሳ ተንበረከከች። «‹አባቴንስ አላስወጣም› አላት!» ብላ ጮኸች፤ የግድግዳው ቆርቆሮ ሳይቀር ሰማ።

«እሰይ! ወንድ!» አሉ ሽማግሌው፣ ጭናቸውን መታ አድርገው። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። እሳቸውም እንደ ደንቆሮ ወግ ይጮሃሉ። «የክረምቱ ሕመም ጆሮዬን ዘግቶት ሄደ አይደል? ይቺ ልጅ ናት እንግዲህ ጆሮዬ። እሷ ባትኖር ይሄ ድራማ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ማየት ነበር።»

ያምሮት ሻንጣዋን እንደያዘች ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ይህን ሁሉ መንገድ በሆዷ ስትደረድረው የመጣችው ስድብ የሚገባበት አጣ።

«ሰፈሩ ምን እንደሚልሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አላጣሁትም። ንብረትማ በአጥር ላይ ‹ሶስና፣ እንዴት አደርሽ› ነው የምትለኝ።» አይናለም ፈገግ አለች። «ምን ላድርግ እታለም? ቀስ ብዬ ባወራ አይሰሙኝ። ዝም ብል ብቻቸውን ሊቀመጡ ነው። አንድ ቀን የሶስናን ክፉ ቃል ዘልዬ ጥሩ ጥሩውን ብነግራቸው፣ ‹ፊቷ እንዲህ አይልም፣ አታታልይኝ› ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ወዲህ እንዳለ ነው የምነግራቸው።»

በዚህ መሃል ድራማው ውስጥ በር ተከፈተና የሶስና ባል እህት ማርታ ሻንጣ ይዛ ገባች። አባባ የማርታን ሻንጣ አዩ፣ የያምሮትን ሻንጣ አዩ፣ ሳቃቸውን ዋጡ። ሶስና ወገቧን ይዛ ተነሳች። ጣቷን ቀስራ የተናገረችውን ያምሮት በገዛ ጆሮዋ ሰማችው።

«እስካሁን የት ነበርሽ? በዓል በመጣ ቁጥር ብቅ ማለት ልጅነት ነው?»

ያምሮት ፊቷ ጋለ። ከጥምቀት ወዲህ እዚህ ደጅ ረግጣ አታውቅም። አባቷ ጆሯቸውን ሲያጡ እንኳ ወሬውን በስልክ ነው የሰማችው።

«ምን አለቻት?» አሉ አባባ።

አይናለም ያምሮትን አላየቻትም። ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለችና «‹እንኳን መጣሽ! መንገዱ አደከመሽ?› አለቻት!» ብላ ጮኸች።

ራሷን የሚያስወቅሳትን፣ በሰፈሩ ስሟን የሚያጠፋባትን ቃል አንዲት ሳትቀንስ ስትጮህ የከረመች ሴት፣ የባሏን እህት የሚነካውን ዋጠችላት። ለስድብ የመጣችው ያምሮት ተነስታ እግሯ ላይ ብትወድቅ ደስ ባላት።

አባባ ግን ሶስናን አተኩረው እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፊቷ እንዲህ አይልም። ምን አለቻት አይናለም?»

ያምሮት ሻንጣዋን ወንበሩ ሥር ገፋችውና በሌላኛው ጎናቸው ተንበረከከች። አፏን ከአባቷ ጆሮ ገጠመች። «‹እስካሁን የት ነበርሽ? በዓል በመጣ ቁጥር ብቅ ማለት ልጅነት ነው?› አለቻት አባባ!»

«እሷሳ? ልጅቱ ምን መለሰች?»

ማርታ የመለሰችው የለም። ፊቷን አዙራ ወጥታለች፤ ሙዚቃው ተነስቶ የተዋንያኑ ስም ወደ ላይ መውጣት ጀምሯል። ያምሮት ትንፋሿን ሰበሰበች፣ ከአጥር ወዲያ ላለችው ንብረትም እንዲደርስ አድርጋ ጮኸች።

«‹እግዜር ይስጥሽ እህቴ! አባቴን አኖርሽልኝ!› አለቻት!»

አባባ ወደ ቴሌቪዥኑ አልዞሩም። የልጃቸውን እንባ ያቀረረ ዓይን ትክ ብለው አዩት።

«አዎ» አሉ። «ፊቷም እንዲህ ይላል።»