በሩ ላይ የቆመው ሰው

ክሷን የሚመረምረው አጣሪ ቡድን ደብረ ብርሃን መግባቱ ሲነገራት፣ አስር አለቃ ፍቅርተማርያም ከጎረቤላ በማለዳው መኪና ተሳፈረች። ታላቅ ወንድሟ ወልደአረጋይ ብቻሽን አትሄጂም ብሎ ዱላውን ይዞ ተከተላት።

የከሰሰችው የጦር ክፍሏን አዛዥ ሻለቃ ብርሃነ መስቀልን ነው። ለሥራ ትፈለጊያለሽ ብሎ ወደ መኖሪያ ክፍሉ አስጠራትና በሩን ቆለፈባት። ጮኸች። የደረሰላት አልነበረም።

ስትወጣ አጃቢው ሃምሳ አለቃ ዘርአ ዳዊት መሣሪያውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ቀና ብሎ አላያትም። መሬት መሬቱን እያየ መንገድ ለቀቀላት።

በመጀመሪያው ምርመራ ሲጠየቅ «ያየሁትም የሰማሁትም የለም» አለ። ሌላ ምስክር አልተገኘም። ፍቅርተማርያም እረፍት ውጪ ተብላ ወደ ቤተሰቦቿ ተላከች፤ ሻለቃው ሥራው ላይ ቆየ።

ከሻለቃው ይልቅ በአጃቢው ተናዳ ትቃጠል ነበር። ነገሩ ከመድረሱ በፊት አንድ ቀን ግቢ ውስጥ አስቁሟት፣ «ሲያስጠራሽ አትሂጂ። አመመኝ በዪ» ብሏት ነበር። ያኔ ንግግሩ የትእዛዝ መስሏት ገላምጣው አለፈች። በኋላ ገባት። ያውቅ ነበር። እያወቀ በሩን ጠበቀለት።

ደብረ ብርሃን ደርሰው ከአጣሪዎቹ ቢሮ ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ተቀመጡ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ወልደአረጋይ ሻዩን ሳይጨርስ የእህቱ ፊት ሲለወጥ አየ።

ዘርአ ዳዊት የሲቪል ጃኬት ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል።

«እሱ ነው?» አለ ወልደአረጋይ።

«አጃቢው ነው፣ ጋሼ። ተቀመጥ።»

ሰውየው ወደ እነሱ መጣ። ከስቷል። ሳይጋብዙት ወንበር ስቦ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ተቀመጠ።

«ትገቢያለሽ ዛሬ?» አላት።

«እገባለሁ።»

«ስንት ሰው ነው የሚሰማው?»

«ምን አገባህ?»

«በሩ ይዘጋል? ወይስ ውጭ ያለው ሁሉ ይሰማል?»

ፍቅርተማርያም ፊቷን አዞረችበት። የሚጠይቀው ለማን እንደሆነ ታውቃለች።

«ሁሉንም ነው የሚያስወሩሽ? አንድ በአንድ?» ድምፁ ዝቅ አለ። «አገር ቤትስ ይሰማል? አባትሽ ሰሙ?»

«አባታችንን ባታነሳ ይሻልሃል» አለ ወልደአረጋይ። ተነስቶ ትከሻውን ጨበጠው።

ዘርአ ዳዊት እሳት እንደነካው ሰው ዘሎ ተነሳ። ወንበሩ ወደቀ። የሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ ዞረ። ግዙፍ ሰው ነው፤ ቢፈልግ ወልደአረጋይን በአንድ እጁ ያነሳዋል። እሱ ግን ወደ ኋላ ሸሸ።

«አትንካኝ» አለ። «እባክህ ወንድሜ፣ አትንካኝ።»

ወጥቶ ሄደ። ወልደአረጋይ ዱላውን አነሳ፤ እህቱ እጁን ይዛ አስቀረችው።

«ሻለቃው የላከው ሊያስፈራራኝ ነው» አለች። «እንድመለስ ነው የሚፈልጉት። አልመለስም።»

ገባች። ሰብሳቢዋ ፀጉራቸው የሸበተ ኮሎኔል ናቸው። ሻለቃ ብርሃነ መስቀል የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ፍቅርተማርያም አንገቷን ሳትደፋ ሁሉንም ተናገረች። ድምፅዋ የተሰበረው አንዴ ብቻ ነው፤ የበሩን መቆለፍ ስትናገር።

ሻለቃው ፈገግ አለ። «ለሹመት ሳላጫት ስቀር ያመጣችው ወሬ ነው» አለ። «የክፍሌ በር ላይ ሰው ነበር። እሱን ጠይቁት።»

ኮሎኔሏ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ያለ ሌላ ማስረጃ ከዚህ በላይ መሄድ ያስቸግረናል» አሏት።

በሩ ተንኳኳ። ዘርአ ዳዊት ገባና ሰላምታ ሰጠ። ሻለቃው ወንበሩን ተደላድሎ ተደገፈ። ፍቅርተማርያም ዓይኗን ጨፈነች። አለቀ፣ አለች በልቧ።

«ሃምሳ አለቃ» አሉ ኮሎኔሏ፣ «ቀደም ሲል ያየሁት የለም ብለሃል። ቃልህን ልታጸና ነው የመጣኸው?»

ዘርአ ዳዊት ዞሮ በሩን በእጁ ገፍቶ ዘጋው። መዘጋቱንም አረጋገጠ። ከዚያ ወደ ሻለቃው ሳይሆን ወደ ፍቅርተማርያም አየ።

«ለምስክርነት አይደለም የመጣሁት» አለ። «ከእሷ በፊት እዚያ ክፍል አስገብቶ በሩን የቆለፈው እኔ ላይ ነው።»