የአርባ ሴኮንድ ሰላምታ

አርባ ሴኮንድ ቀርቶኛል፤ ለእኔ አስሩ ይበቃኛል። ተጋጣሚዬ አለምነው የቼዝ ሰሌዳው ላይ ከንጉሡ በቀር ምንም የለውም። እኔ ንግሥቴን ይዣለሁ፤ ሦስት ጊዜ ባንቀሳቅስ አበቃለት። ካሸነፍኩ ክለባችንን ወክዬ ባሕር ዳር ለውድድር የምሄደው እኔ ነኝ። እኩል ከወጣን ግን በግማሽ ነጥብ ስለሚበልጠኝ እሱ ይሄዳል።

ንጉሡን ወደ ጥግ ያስጠጋና ሰዓቱን ይጫናል። የእኔ ሴኮንድ መቁጠር ሲጀምር በሩ ይከፈታል፤ መምህር ይሻው ከዘራቸውን ተደግፈው ይገባሉ።

አዳራሹ በሙሉ ብድግ ይላል። ደብረ ታቦር ውስጥ እሳቸው ያላስተማሩት ሰው ጥቂት ነው። እኔም እነሳለሁ፤ ምን ላድርግ? ዓይናቸው ደክሟል፤ ሰሌዳውንም ሰዓቱንም አያዩም። «እንደምን ዋሉ» ስል ግን ድምፄን ለይተው እጄን ይይዛሉ።

«ፍቅርአዲስ! ከዓረብ አገር መጣሽልን? እናትሽ እንደምን አለች?»

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ከብቶቹስ?»

«ደህና ናቸው፣ ጋሼ።»

«ገብሱስ ዘንድሮ እንዴት ነው?»

እጄን መንጭቄ ልቀመጥ? አለምነውም ቆሟል፤ ከሁላችን በላይ ዝቅ ብሎ እጅ ነስቷል። የነሳው ግን ሰዓቱን ከተጫነ በኋላ ነው! ዓይኑም ከሰዓቱ ላይ አልተነቀለም።

ሰዓቱ ይጮኻል።

«ጊዜዋ አልቋል» ይላል አለምነው፣ በትሕትና።

ዳኛችን እመቤት አንገቷን ደፍታ ደንቡን ትናገራለች። የእኔ ጊዜ አልቋል፤ በባዶ ንጉሥ ደግሞ ማሸነፍ አይቻልም። ስለዚህ አቻ።

«ሰላም እያልኩ እኮ ነው!»

«አይቻለሁ፣ እህቴ። ደንቡ ላይ ግን ሰላምታ የለም።»

ንድድ ይለኛል። ስድስት ዓመት የሰው ቤት እየጠረግሁ፣ በዕረፍት ቀኔ ስልክ ላይ አቀርቅሬ የተማርኩት ጨዋታ ነው። የወሰደብኝ ደግሞ የገብስ ወሬ!

«ማን ረታ?» ይላሉ መምህር ይሻው።

አለምነው ይቀድመኛል። «እኩል ወጣን፣ ጋሼ።»

«እሰይ! ማንም ሳይከፋው።»

ጥርሴን እነክሳለሁ። ትንሽ ቆይተው ሊሄዱ ሲሉ ሰው ሁሉ እንደገና ይነሳል። እኔ ዛሬ አልነሳም። የወንበሬን ጠርዝ በሁለት እጄ ጨምድጄ ይዣለሁ፤ እሳቸው እንደሆኑ አያዩኝም፤ የፈለገው ይታዘበኝ።

ከዘራቸው ወለሉን እየመታ ወደ በሩ ይሄዳል። ቀና ስል አለምነው ከሰሌዳው ማዶ ፊት ለፊቴ ቆሟል። እጆቼ ባዶ ናቸው፤ ወንበሩ ከኋላዬ ነው፤ ለካ እኔም ቆሜያለሁ።