የዚያ አገር ሸሚዝ

አንዲት ቃል ከጨመርኩ ይኸው መቀሱ፣ ይኸውላችሁ ምላሴ! እሳቱን የለኮስኩት በነዚህ በሁለት እጆቼ ነው። ከወንዙ ማዶ ሜዳው ላይ ከመርኩት፤ ክምሩ ፎቅ አከለ። ጭሱ ፀሐይዋን ሲጋርዳት የመንደሩ ዶሮ ሁሉ መሸ ብሎ ቆጥ ላይ ወጣ። ሸሚዝ በሉት፣ ሱሪ በሉት፣ ካልሲ በሉት፣ ምን አለፋችሁ፣ ከዚያ አገር መጥቶ እጄ ገብቶ ያልነደደ የለም።

«አውራ ዶሮውም ወጣ?» ይላል ፀጉር አስተካካዩ።

ጎረቤቴ ነው፤ የሱን ቤትና የኔን ልብስ ስፌት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ራሱ መላጣ ሆኖ የሰው ፀጉር ያሳምራል። ሌላ ጊዜ ወሬ ሊለቅም ነው የሚመጣው፤ ዛሬ ግን ነጭ ሸሚዝ ክንዱ ላይ አጥፎ በሬ ላይ ቆሟል።

«አውራ ዶሮው እንዲያውም ቀድሞ!» እላለሁ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ።

«እንግዲያው ይሄንንም ጨምርልኝ።» ሸሚዙን ይዘረጋልኛል። «የዚያ አገር ነው። አምና ለልጄ ምረቃ የገዛሁት፤ ከዚህ የተሻለ ሸሚዝ የለኝም። ስለ ልጃችሁ ብዬ ነው።»

ልጃችሁ የሚላት የእህቴን ልጅ ነው። እህቴ ያለሷ ልጅ የላትም፤ ይችውና መስኮቱ ስር ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ላይ ቁልፍ ትተክላለች። ልጅቷ ለስፌት ሥራ እዚያ አገር ሄደች። ፋብሪካው ሲቃጠል፣ ሠራተኛ ሹልክ እንዳይል ብሎ አለቃው በሩን ከውጭ ቆልፎት ነበር። አልወጣችም። ወሬው የደረሰን ቀን አወጅኩ፤ የዚያ አገር ዕቃ እኔ ባለሁበት ከተማ አይሸጥም! ነጋዴው ሁሉ መደርደሪያውን አራግፎ ሲንቀጠቀጥ ከረመ።

«ሸሚዙስ እሺ» ይላል ፀጉር አስተካካዩ። «ግን ቶንዶሴም የዚያ አገር ነው። የደንበኛዬን ፀጉር በጥርሴ ልንጭ? አምፖሌ የዚያ አገር፣ መስተዋቴ የዚያ አገር። የአማቴ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንኳ የዚያ አገር ነው፤ ወንድ ከሆንክ ሄደህ አውልቅላቸው!»

«ቁርጠኝነት ነው የጎደለህ! እኔን እይ። መርፌው የዚያ አገር ነው ቢሉኝ ወርውሬ ጥዬ በእሾህ የሙሽራ ሙሉ ልብስ ሰፋሁ። ሙሽራው ሲለብሰው እንባው ዱብ ዱብ አለ።»

«ወግቶት ነዋ!»

እስቃለሁ። እሱም ይስቃል። እህቴ ክሯን በጥርሷ ትበጥሳለች። ሳቁ እሷ ጋ ሲደርስ ይሞታል።

«የምሬን ልጠይቅህ» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሄን ሸሚዝ በለበስኩት ቁጥር አንገቴን ያንቀኛል። ሳወልቀውም አይለቀኝ። እኔ አንድ ሸሚዝ ባቃጥል፣ ያ በሩን የቆለፈው ሰውዬ እንቅልፍ ያጣል?»

«ያጣል እንጂ! ስሜን እየጠራ ነው የሚባንነው። ግማሹ ፋብሪካ በኔ የተነሳ ቆሟል።»

ሸሚዙን ብቻ ይዳብሳል። እንዲህ ያለ ዝምታ አልወድም፤ ስለዚህ እሞላዋለሁ።

«ደሞ ልጅቷ ተራ ሰፊ እንዳትመስልህ፤ ያሰለጠንኳት እኔ ነኝ! ኮሌታ ስትሰፋ ጫፉ ላይ ሦስቴ ወደ ኋላ ትመለስና ታስረዋለች። ይሄን ስፌት ከኔና ከሷ በቀር የሚያውቅ ከሰማይ በታች የለም። ‹አጎቴ፣ እዚህ ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ብቻ ነው የሚያሰፉኝ› ትለኝ ነበር በስልክ። ‹ክር ታባክኛለሽ ብሎ አለቃዬ ይጮኽብኛል፤ ያንተን ስፌት ግን አልተውም› ...»

እግሬ ፔዳሉ ላይ ይቆማል። ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቷል። የዚህ ሰፈር አቧራ ዝሆን ያሳውራል።

«ወዲህ በለው» ብዬ ሸሚዙን እቀበለዋለሁ። «ዛሬውኑ ይነዳል።»

«አይነድም» ትላለች እህቴ።

ቀና እንኳ አላለችም። መርፌዋ በቁልፉ ቀዳዳ ይገባል፣ ይወጣል።

«እትዬ፣ እባክሽ ...»

«ነዶም አያውቅም። እሳት የሚባል ነገር አልነበረም።» ከጠረጴዛው ስር ያለውን ጆንያ በእግሯ ገፋ ታደርገዋለች። «ሰው አቃጥልልኝ እያለ ያመጣለት ሁሉ ይኸው። ሲያልቅበት ደግሞ ራሱ ገበያ ወርዶ የዚያን አገር ሸሚዝ ይገዛል። ኮሌታ ኮሌታውን እየገለበጠ የልጄን ስፌት ይፈልጋል።» ክሩን ጠበቅ ታደርጋለች። «ሁለታችንም ነን የምንፈልገው። እስካሁን አላገኘንም።»

ጆንያው ተንጋዶ አፉ ተከፍቷል። ከውስጥ የሚታየው ሸሚዝ ሁሉ ኮሌታው የተገለበጠ ነው። መቀሱን አንስቼ መሳቢያ ውስጥ እከተዋለሁ።

ፀጉር አስተካካዩ ሸሚዙን ከእጄ ይወስደዋል። አያጥፈውም። ኮሌታውን ይገለብጥና የመስኮቱ ብርሃን ላይ ይዘረጋዋል። እህቴ መርፌዋን ቀሚሷ ላይ ሰክታ ትነሳለች።